የደም ካንሰር ታማሚ ነኝ፣ በሥራ ገበታዬም ላይ ነኝ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው ሳምንት ስለ ደም ካንሰር ያወጣችሁትን ጽሑፍ ያነበብኩት በዕረፍት ሰዓት፣ በመምህራን ክፍል ተቀምጬ ነበር። ከጎኔ የነበረ ባልደረባዬ ርእሱን አጮልቆ አየና «እግዚአብሔር ይጠብቀን፣ ይኼስ ከያዘ አይለቅም» አለኝ። በሽታው ከያዘኝ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል፤ ባልደረባዬ ግን ይህን አያውቅም፣ እኔም ዝም አልኩ። ይህችን ደብዳቤ ያጻፈችኝ ያቺ ዝምታዬ ናት።

ጽሑፋችሁ በቅን ልቦና የተዘጋጀ መሆኑን አልጠራጠርም። ሆኖም ሉኬሚያ የሚባለውን የደም ካንሰር ሁሉ እንደ አንድ በሽታ ቆጥሮ መጨረሻውንም አንድ፣ ሞት ብቻ፣ አድርጎታል። በቀናት ውስጥ ሰውን አልጋ ላይ የሚጥል አጣዳፊ ዓይነት አለ፤ በሕፃናት ላይ በብዛት የሚታየውም ከዚሁ ወገን ሲሆን፣ ሁለትና ሦስት ዓመት የሚወስደው ሕክምና ሳይቋረጥ ከተሰጠ ብዙዎቹ ልጆች የሚድኑበት ነው። የእኔው ደግሞ ቀስ እያለ የሚያድግ፣ ሐኪሞች ሲኤምኤል የሚሉት ነው። መጀመሪያ የተሰማኝ ድካምና ከግራ ጎድኔ በታች የሚጠጥር እብጠት ስለነበር «ጣፊያ ነው» ተብዬ በጋለ ብረት ተተኮስኩ፤ ጠባሳው ዛሬም አለ። በኋላ ደሜ ሲመረመር፣ በጤነኛ ሰው በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ከ4 ሺህ እስከ 11 ሺህ የሚሆነው ነጭ የደም ሴል በእኔ 280 ሺህ ሆኖ ተገኘ።

የበሽታው መነሻ 9ኛውና 22ኛው ክሮሞሶም ቁራጫቸውን ሲለዋወጡ የሚፈጠር አንድ ፕሮቲን ነው። የሕሙማኑ ዓለም አቀፍ ቀን በፈረንጆቹ 9ኛ ወር በ22ኛው ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር ከደመራ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ የሚውለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ይህን ፕሮቲን የሚገታው ኢማቲኒብ የተባለው ክኒን በ2001 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ከተፈቀደ ወዲህ የሕሙማኑ ዕጣ ተለውጧል። ክኒኑን ገና ከመነሻው በወሰዱት ላይ በተደረገው ትልቅ ጥናት፣ ከአሥር ዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት 83 በመቶ ያህል ናቸው። ጽሑፋችሁ ይህን ሳይጠቅስ መቅረቱ ነው ያሳዘነኝ፤ ምክንያቱም ምርመራ ሊሄድ የነበረ አንድ ሰው ያንን ርእስ አንብቦ «ከሞትኩ አይቀር በቤቴ» ብሎ ሊቀር ይችላል።

ክኒኑ በገንዘባችን የሚገዛ ቢሆን ኖሮ እኔም ዛሬ አልጽፍላችሁም ነበር። ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አምራቹ ኖቫርቲስ ማክስ ፋውንዴሽን ከተባለ በጎ አድራጎት ድርጅት ጋር ሆኖ በብዙ አገሮች በነፃ ሲያድለው ቆይቷል፤ በኢትዮጵያም በርካቶች በዚሁ ዕርዳታ ቆመን እንሄዳለን። ነገር ግን ክኒኑ በነፃ ቢሆንም መንገዱ በነፃ አይደለም። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሌሊት 11 ሰዓት ተነሥቶ ቀኑን በአውቶቡስ ውሎ፣ አዳር ከፍሎ፣ በማግስቱ ተሰልፎ፣ አንዳንዴም መንገዱ ክፍት መሆኑን ሳያረጋግጡ መነሣት አለ። እኔ ደመወዝተኛ ነኝና እችለዋለሁ።

አንድ ቀን በሆስፒታሉ መተላለፊያ አግዳሚ ላይ አብረውኝ የተቀመጡ አንድ ገበሬ የክኒን ብልቃጣቸውን ከጋቢያቸው ጫፍ ፈትተው አሳዩኝ። አልቆ ሊገኝ የሚገባው ብልቃጥ ገና ግማሽ ድረስ ሙሉ ነበር። የአንድ ወሩን ለሁለት ወር ለማድረስ አንዱን ቀን ውጠው አንዱን ቀን ይዘላሉ። «አባባ፣ ለሐኪሙ ነግረዋል?» አልኳቸው። «ይቆጡኛል ብዬ ነው እንጂ፤ ለመሳፈሪያ የሸጥኩት በግ የመጨረሻው ነበር፣ ልጄ» አሉ። ክኒኑ እየተቆራረጠ ሲወሰድ በሽታው ሊለምደው እንደሚችልና ያን ጊዜ ሌላ፣ ይበልጥ ውድ መድኃኒት እንደሚያስፈልግ የነገራቸው አልነበረም፤ ቢነገራቸውስ በጉን ማን ይተካላቸዋል? ጾምም እንዲሁ ነው። ክኒኑ ከምግብና ከብዙ ውኃ ጋር ካልተወሰደ ሆድ ያውካል፤ እኔ በዐቢይ ጾም ከ9 ሰዓት በኋላ፣ ሙስሊም ወዳጄ በረመዳን ካፈጠረ በኋላ እንድንወስድ ሐኪማችን አስተካክሎልናል። ይህን ሳይጠይቁ ወራቱን በሙሉ የተዉት ግን ጥቂት አይደሉም።

አንድ ነገር ሁልጊዜ ይከነክነኛል። ማክስ ፋውንዴሽንን ያቋቋሙት ልጃቸውን በዚሁ በሽታ ያጡ ቤተሰቦች ናቸው። በአገራችንም ከ20 ዓመት በፊት ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን የመሠረቱት ትንሽ ልጃቸውን ሉኬሚያ የነጠቃቸው አቶ ወንዱ በቀለና ባለቤታቸው ናቸው። ሐዘናቸውን ለሌላው መጠለያ ማድረጋቸውን ሳስብ አመሰግናለሁ፤ አፍራለሁም። ስለ እኛ የሚሟገቱት ልጅ ቀብረው የተነሡት ከሆኑ፣ ክኒኑን ውጠን በየመሥሪያ ቤታችን የተቀመጥነው ምን እየሠራን ነው? ብንናገር የምንለው አለን። ሁኔታው ለተረጋጋ ሕመምተኛ የሦስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ በሚቀርበው የክልል ሆስፒታል ቢሰጠው መልካም ነው። ክኒኑ መሥራቱን የሚለየው የፒሲአር ምርመራ በተራ የደም ቆጠራ የሚተካ ባለመሆኑ የግድ ያስፈልጋል፤ ሆኖም ለናሙናው ሲባል ሰውዬው ለምን ይጓዛል? ደሙ ይጓዝ እንጂ። መሳፈሪያውና አዳሩ ደግሞ ከሕክምናው ወጪ ተለይቶ መታየት የለበትም፤ ይህ ሁሉ ሲወሰን ከሕሙማኑ አንድ ሁለቱ በስብሰባው ላይ ቢቀመጡ የበጉን ነገር የሚያነሣ አይጠፋም ነበር።

ከእናንተ የምጠይቀው፣ ስለዚህ በሽታ ዳግም ስትጽፉ ከሐኪሙ ቀጥሎ አብሮት ለሚኖር አንድ ሰው እንድትደውሉ ነው። ለእኔ ብትደውሉ አነሣለሁ፤ ስልኬን ከደብዳቤው ጋር አያይዣለሁ። ስሜን ግን አታውጡት። በዚህ ክረምት ልጄን ለመዳር ሽማግሌ መጥቶብናል፤ የሽማግሌዎቹ ቤተሰቦችም ጋዜጣችሁን ያነብባሉ። ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ ጽፌ ይህን መለመኔ እንደማያምርብኝ አውቃለሁ።

አንድ መምህር፣ ከደሴ