የማኅበሬ ሰዎች፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ

ባለፈው እሁድ፣ የካቲት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ የመጨረሻዋን 4,000 ብር ለማኅበራችን ገንዘብ ያዥ አስረከብኩ። ደረሰኙን ኪሴ ከትቼ ቤቴ ገባሁ። ማታ ሦስቴ አውጥቼ ሦስቴ አነበብኩት። ምስጋናዬን እዚያው ተነሥቼ ላቀርብ አስቤ ነበር። ግን ዕለቱ ቅበላ ነው፤ በማግስቱ ዐቢይ ጾም ስለሚገባ ሰዉ ሁሉ ሐሳቡ ከዶሮው ጋር ነበር። እኔም ድምፄ እምቢ አለኝ። ስለዚህ ጻፍኩት።

ጉዳዩን የማታውቁ ስላላችሁ ራሴ ልናገር። የኪዳነ ምሕረት ጽዋ ማኅበራችን ገንዘብ ያዥ ነበርኩ። ለስድስት ዓመት አንድ ብር አልጎደለም። ከዚያ የኳስ ውርርድ ለመድኩ። መጀመሪያ ከማኅበሩ 2,000 ብር ወሰድኩ። ትኬቷ ገባች፣ ብሩን መለስኩ። የጎዳኝ ያ መመለሴ ነው። ከዚያ በኋላ በወሰድኩ ቁጥር "እመልሰዋለሁ" እላለሁ፤ አንዴ መልሻለሁና ራሴን አምነዋለሁ። እንዲህ እንዲህ እያለ 64,000 ብር ደረሰ። ነሐሴ 2015 አንዲት እናታችን ታምመው ለሕክምና ገንዘብ ሲፈለግ ነገሩ ወጣ። አንዳንዶቻችሁ "ራሱ መጥቶ አመነ" ስትሉ ሰምቻለሁ። ለእኔ አዝናችሁ ነው፣ ግን እንደዚያ አልነበረም። ተያዝኩ።

ከዚያ እስከ ኅዳር የነበረው ጊዜ ከባድ ነበር። ከቴሌግራም ግሩፓችን ተወገድኩ። ቅጽረ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰው ሲያየኝ መንገድ ይቀይራል። አንዱ ወንድሜ "ከረጢት ያዡ መጣ" አለ። መጽሐፍ የሚያውቅ ሰው ሲሳደብ እንዲህ ነው፤ ይሁዳ ሳይልህ ይሁዳ ይልሃል። ቁጣው እውነት ነበር፣ የታመሙት እናት የእሱም እናት ናቸውና። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። በየዓመቱ የካቲት 16 በላዔ ሰብእን እናነሣለን። 78 ነፍስ የበላ ሰው፣ በእመቤታችን ስም ለተጠማ በሰጠው ጥርኝ ውኃ ተማረ ሲባል እልል እንላለን። እኔም ስንት ዓመት እልል ብያለሁ። ለካ የሚቀለን ሩቅ ሰው ስለሆነ ነው። የእኛን ገንዘብ አልበላማ!

እትዬ፣ መጀመሪያ የማመሰግነው እርስዎን ነው። የሕክምናዎን ብር አባላቱ በአንድ ምሽት አዋጥተው ሞሉት። እኔ ሆስፒታል የመጣሁት ይቅርታ ብዬ ቶሎ ልወጣ ነበር። እርስዎ ግን "ልጄ ሥራ ላይ ነው የሚውለው፣ ምሳ የሚያመጣልኝ የለም፤ ነገም ና" አሉኝ። 11 ቀን ተመላለስኩ። ስለ ብሩ አንድም ቀን አላነሡብኝም። ስለ ሽሮው መቅጠን ግን አንሥተዋል።

የንስሐ አባቴ፣ ቤቴ ድረስ መጥተው ቀኖና ሰጡኝ። ጾሙና ስግደቱ አልከበደኝም። "የሰው ገንዘብ ይዘህ እግዚአብሔር ይፍታህ አልልህም" ሲሉኝ ግን ደነገጥኩ። በወር 4,000 ብር የቆረጥነው ያኔ ነው፤ 16 ወር ፈጀ። ዘኬዎስ አራት እጥፍ መልሷል፣ አንተ በርካሽ ወጣህ ብለው አሳቁኝ። የሳቅኩት ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ እንጃ። ባለቤቴ ያን ቀን የደመወዝ ካርዴን ተቀበለችኝ፤ ዛሬም እሷ ጋ ነው።

የማኅበራችን መሪ፣ ሙሴያችን ጋሼ፣ ኅዳር 16፣ በጽዋው ዕለት፣ ማለዳ ደውለው "ዛሬ እንዳትቀር" ብቻ አሉኝ። መጣሁ፣ በሩ ላይ ቆምኩ። መግባት አቃተኝ። ቤቱ ጸጥ አለ። እማማ፣ እርስዎ ፈቀቅ ብለው "ምን ትገተራለህ፣ ብርድ አታስገባ" አሉና ጎንዎ አስቀመጡኝ። በራስዎ ጣሳ ጠላ ቀዱልኝ። ያን ሁሉ ጊዜ በታሪኩ ውስጥ በላዔ ሰብእ እኔ ነኝ እያልኩ ነበር። ያን ዕለት ግን የተጠማው ሰው ሆኜ ተገኘሁ።

አንድ ምስጋና ዘግይቷል። እህቴ፣ አምና አንዱ ደግ ሰው "ይቅር ካልነው የገንዘብ ያዥነቱ ደብተርም ይመለስለት" ሲል "ይቅር ብለነዋል፣ ደብተሩ ግን አይመለስም" ያልሽው። ያኔ ፊቴ ጠቁሮ ነበር፣ አይተሽዋል። ቤቴ ስገባ ግን እፎይ አልኩ። የውርርድ ቤቱ ታክሲ መያዣዬ ጋ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አሁንም በሌላ መንገድ ዞሬ ነው የምሄደው። ይህን ከእኔ በፊት የገባሽ አንቺ ነሽ።

የመጋቢት ጽዋ እኔ ቤት ነው። በ16፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ በ10 ሰዓት። ጾም ስለሆነ ሽሮና ምስር ነው፤ ሽሮውን ባለቤቴ ስለምትሠራው አይቀጥንም። ከረጢት ያዡ ያልከኝ ወንድሜ፣ አንተም ና። ከእማማ አጠገብ ቦታ ይዤልሃለሁ።