ማታው ሁለት ዓመት ሆነ

አንቺዬ፣

መልእክትሽን ያነበብኩት ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ነበር። «ማታ ተረጋግቼ እመልስላታለሁ» አልኩ። ማታው ይኸው ሁለት ዓመት ሆነው። ይቅርታ። ይቅርታ ሲረዝም እንደሚያናድድሽ ስለማውቅ እዚህ ላይ አቆማለሁ። እማማ ደህና ናቸው? ጉልበታቸውስ ተሻላቸው? ያ ወንድምሽ በመጨረሻ አገባ ወይስ አሁንም «ዘንድሮ» እያለ ነው?

እሺ፣ አልዋሽሽም። ናፍቆት ብቻ አይደለም ያስጻፈኝ። የማወራው ሰው አጥቼ ነው።

የሥነ ልቦና ምክር ቢሮ ከፈትኩ። አዎ፣ የራሴን! እዚሁ ሀዋሳ፣ ፒያሳ አካባቢ፣ ከአንድ ፋርማሲ በላይ ያለች ጠባብ ክፍል። ሁለት ወንበር፣ አንድ ሶፍት፣ አንድ የግድግዳ ሰዓት። ሰዓቱን የሰቀልኩት እነሱ ከሚቀመጡበት በስተጀርባ ነው፤ 50 ደቂቃው ማለቁን ሰርቄ እንዳይ። አትሳቂ። ፋርማሲው ባለውለታዬ ነው፣ ደረጃው ላይ ዘመድ ያጋጠመው ሁሉ «መድኃኒት ልገዛ ነው» ይላል። እንዲያም ሆኖ በሁለት ቀጠሮ መሃል 20 ደቂቃ እተዋለሁ። ከተማዋን ታውቂያታለሽ፣ ፍቅር ሐይቅ ዳር ወክ ስትወጪ ሦስት ሰው ሳትስሚ አትመለሺም።

የሚመጡትን ሰዎች ምን ብዬ እንደምጠራቸው እንኳ ገና አልወሰንኩም። ታካሚ ስል ሆስፒታል፣ ተገልጋይ ስል ቀበሌ ይሆንብኛል። የሥነ ልቦና ባለሙያው ካርል ሮጀርስ ታካሚ የሚለውን ትቶ ያስለመደው «ደንበኛ» ደግሞ በኛ አፍ ሲገባ ስኳር የምሸጥ አስመሰለኝ። እነሱ ግን እኔን ለመጥራት አልተቸገሩም። ዶክተር ነኝ። አይደለሁም ብልም የሚሰማኝ የለም። ዶክተር ደግሞ ያዛል እንጂ አይጠይቅም፤ ጣጣዬ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው።

ዶርም ውስጥ ለፈተና የሸመደድነው፣ አማካሪና ተመካሪ አብረው ለመሥራት ምን ያስፈልጋቸዋል የሚለው የቦርዲን ጽሑፍ ትዝ ይልሻል? ያ የ1979ኙ (እ.ኤ.አ.)? በግቡ መስማማት፣ በሚሠራው መስማማት፣ መተማመን። አንቺ በጣትሽ እየቆጠርሽ ስትደጋግሚው እኔ እንቅልፌን ስለጥጥ። አሁን ያን ነገር ሥራዬ ብዬ ይዤ፣ አንዱን ጎልማሳ «አብረን ምን ላይ ብንሠራ ይሻላል ይላሉ?» ብዬ ጠየቅኩት። ትክ ብሎ አየኝና «የተማርሽው አንቺ! ከፍዬ ደግሞ እኔው ልንገርሽ?» አለኝ። እውነቱን እኮ ነው።

ይኼን ሰውዬ (ማንም እንዳያውቀው ቀያይሬዋለሁ) ልንገርሽ። በየሴሽኑ መጨረሻ አንዲት ወረቀት እሰጣለሁ። አራት መስመር አላት፣ እያንዳንዱ 10 ሴንቲ ሜትር። ተደመጥኩ ወይ፣ የፈለግኩትን አወራን ወይ፣ አካሄዱ ተስማማኝ ወይ፣ ባጠቃላይስ እንዴት ነበር፤ መስመሩ ላይ ምልክት ያደርጋሉ። የሴንቲ ሜትሩ ድምር 36 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ምን እንደጎደለ ትጠይቂያለሽ። ይህን የሠሩት ሰዎች ይሉኝታን ያሰቡበት አልመሰለኝም። ሰውዬው አምስት ሳምንት ሙሉ 40 ከ40 ሰጠኝ። አራቱም ምልክት የመስመሩ ጫፍ ላይ፣ እንደ ማኅተም። «እንከን የለውም ዶክተር።» ሐሳብህን በየማታው ደብተር ላይ ጻፍ ብዬው ነበር፤ እንዴት ነው ስለው ሁሌ «ጥሩ ነው» ነው።

በስድስተኛው ሳምንት እስክሪብቶውን ይዞ ቆየ። ከታች የባጃጅ ጥሩምባ ይሰማል። ከዚያ ሦስተኛው መስመር መሃል ላይ አንዲት ትንሽ ምልክት አደረገና ወረቀቱን በመዳፉ ሸፈነው። «እህቴ» አለኝ፣ ያን ቀን ዶክተርነቴ ቀረ፣ «እኔ መጻፍ ይከብደኛል። ደብተሩን ገና አልገዛሁትም። እንዳይከፋሽ ብዬ ነው።» ልስመው ምንም አልቀረኝ! «ታዲያ ምን ቢሆን ይሻላል?» አልኩት። «ማታ ማታ ሐይቁ ዳር ስለምሄድ ስልኬ ላይ በድምፅ ልቅዳው» አለ። ይኸው እየቀዳ ነው። እኔ መቶ ዓመት ባስብ አይመጣልኝም ነበር።

ይሄን ያስቀደምኩት… የሚቀጥለውን ለመናገር ስለፈራሁ ነው።

አንዲት ልጅ ነበረች። ከአማቷ ጋር ነው ጣጣዋ፣ ሆድ ይፍጀው ብላ የኖረች። በየሳምንቱ «አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?» ትለኛለች። እኔም እመልስላታለሁ፣ ወደ ራሷ። አንድ አርብ ግን ደክሞኝ ነበር፣ የቤት ኪራይ ደርሶብኛል፣ በዚያ ሳምንት ሁለት ሰው ቀርቶብኛል፤ «ይቺ ጠያቂ እንጂ መካሪ አይደለችም» እያሉኝ ነው ብዬ ሰግቻለሁ። «ፊት ለፊት ንገሪያት» አልኳት። እንደ አዋቂ፣ እንደ ሐኪም ትእዛዝ። ፊቷ ሲበራ ብታዪ! አመስግናኝ ወጣች። ወረቀቷም 40 ነበር።

ይኸው ሦስት ሳምንት፣ አልመጣችም። አንዴ ደወልኩ፣ አላነሳችም። ደግሜ ብደውል ማሳደድ ይሆንብኛል፣ ዝም ብል ደግሞ መተው። ነግራት ይሆን? ቤት ውስጥ ምን ተፈጥሮ ይሆን? ሌሊት እየነቃሁ የማስበው ይሄን ነው። እዚህ ላማክረው የምችለው ሰው ሁሉ ወይ ያውቃታል ወይ የአማቷ ጎረቤት ነው።

አንቺ ያን ሁሉ ዓመት ሆስፒታል ሠርተሻል፣ አዳማም ከዚህ ሩቅ ናት፤ ልጅቷን አታውቂያትም። በሳምንት አንድ ሰዓት ትሰጪኛለሽ? ስሟን አልነግርሽም፣ እኔ ያደረግኩትን ብቻ። እንደ ድሮው ሳትራሪ ንገሪኝ። ስለዚያኛው ነገር ደግሞ፣ ማለቴ ስለ እኔና አንቺ… ተይው፣ በአፍ ይሻላል። አራቱን መስመር አስምሬ ልልክልሽም አስቤ ነበር፤ 40 ከሰጠሽኝ አላምንሽም።

ሐሙስ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ እደውላለሁ። ካላነሳሽ ይገባኛል። አርብም እደውላለሁ።

ያቺ ጠፊ ጓደኛሽ