የኪራይ ማስጠንቀቂያ ሲጻፍ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ውል ማፍረሱ በማያጠራጥር ተከራይ ላይ የቀረበ ክስ እንኳ በአከራዩ በራሱ ማስጠንቀቂያ የተነሳ ሊወድቅ ይችላል።

«ቤቱን እያበላሸህ ስለሆነ በአስቸኳይ አስተካክል» የሚል ወረቀት ለተከራዩም ለዳኛም ምንም አይነግርም። ምኑ ነው የተበላሸው? መቼ? የትኛው የውል አንቀጽ ተጣሰ? የረባ ማስጠንቀቂያ ውሉን በተፈረመበት ቀን፣ ቤቱን በአድራሻው፣ ጥሰቱን በአንቀጽ ቁጥሩ ይጠራል፤ ድርጊቱንም ያለ ስድብ ይገልጻል። «ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ክፍል መከለል በአንቀጽ 7 ተከልክሎ ሳለ ሳሎኑ በጣውላ ተከልሏል፤ ግርዶሹ ይነሳ» ማለት ይበቃል። ፎቶግራፍ ካለ ቀኑ ተጽፎበት ይያያዝ።

ጉዳዩ ውዝፍ ኪራይ ሲሆን የየወሩ ሂሳብ ለየብቻ ይዘርዘር። የውሃ፣ የመብራትና የቅጣት ዕዳ ከኪራዩ ጋር ተቀላቅሎ አንድ ድምር ብቻ ከተጻፈ ተከራዩ የቱን ቢከፍል ቤቱን እንደሚያድን አያውቅም። ድምሩ ከተሳሳተ ደግሞ ለተቃራኒው ጠበቃ ጥሩ ስጦታ ነው።

ቀነ ገደቡ በቀን፣ በወርና በዓመት ይቀመጥ። ሕጉ ወይም ውሉ ከሚሰጠው ጊዜ ማነስ የለበትም። ቆጠራው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ወረቀቱ ተከራዩ እጅ ከገባ በኋላ ስለሆነ ጥቂት ቀን መጨመር አይጎዳም።

ብዙዎች የሚሰናከሉት ግን አሰጣጡ ላይ ነው። ውሉ የአሰጣጥ መንገድ ከወሰነ እሱን መከተል ግድ ነው፤ የስልክ መልእክት ብቻውን በቂ የሚሆነው ውሉ ወይም ሕጉ ከፈቀደ ነው። እጅ በእጅ ሲሰጥ ተከራዩ አከራዩ ዘንድ በሚቀረው ቅጂ ላይ ስሙንና ቀኑን ጽፎ ይፈርም። አልቀበልም ካለ እምቢታው እዚያው ተጽፎ ሁለት ምስክሮች ይፈርሙበት፤ ሌላ ቅጂም በአደራ ደብዳቤ ይላክ። ውሉን የፈረሙት ሁለት ተከራዮች ከሆኑ ለሁለቱም በየስማቸው ይድረሳቸው።

ቀነ ገደቡ ካለፈ በኋላ ኪራይ ዝም ብሎ መቀበል ጥሰቱን ይቅር እንደማለት ሊቆጠር ስለሚችል ደረሰኙ ላይ «መብቴን ሳልተው» የሚል ይታከልበት። ውሃ ማቋረጥና ቁልፍ መቀየር የባሰ ነው፤ ከሳሹን ተከሳሽ ያደርጋል።

ተከራይም ዝም አይበል። ማስጠንቀቂያው ላይ የተጻፈውን ጥሰት ካላመነበት ቀነ ገደቡ ሳያልፍ በጽሑፍ ይመልስ፤ ካስተካከለም አከራዩ አይቶ እንዲፈርምለት ይጠይቅ።

ከሰላምታ ጋር