ጨምሩ፣ ግን ውሃ አምጡ

ለከተማችን የውሃ አገልግሎት መሥሪያ ቤት
ሐረር

ጉዳዩ፦ በአየር የዞረ ቆጣሪዬ እንዲፈተሽልኝ ስለመጠየቅ

ከሸዋ በር ወጣ ብሎ ባለ ሰፈር የምኖር ደንበኛችሁ ነኝ። ባለፈው ሳምንት አንድ ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ መጠይቅ ይዞ ቤቴ መጣ። «እናቴ፣ ውሃው ቢሻሻል በወር ስንት ብር ይጨምራሉ?» አለኝ። ሳቄ መጣ። መጀመሪያ አሁን የምከፍለውን ጠይቀኝ አልኩት።

ቁጭ ብለን አሰላነው። ውሃ ሲጠፋ ባለ አህያው 20 ሊትሩን ጀሪካን በ15 ብር ያመጣልኛል። አንድ ሜትር ኩብ 50 ጀሪካን ነው። 750 ብር መሆኑ ነው! የእናንተን ቢል ከጎኑ ሳስቀምጠው ልጁ ዝም አለ። ለአህያ ይህን እየከፈልኩ ለእናንተ ልሰስት ነው? (ባለ አህያውን አልወቅስም፤ ዳገቱን እሱ ነው የሚያውቀው።)

ችግራችሁ አይገባንም አልልም። የሐረማያ ሐይቅ ሲደርቅ ውሃችን ከድሬዳዋ በኩል፣ ከድሬ ጃራ ጉድጓዶች መምጣት ጀመረ። ሐረር ከድሬዳዋ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል። ይሄ ይገባኛል።

ፈረቃችን ማክሰኞ ሌሊት ነው ተብሏል። ባልዲ ደቅኜ እጠብቃለሁ። ባለፈው 9 ሰዓት ላይ ቧንቧው «እስስስ» ማለት ጀመረ። ባትሪ ይዤ ቆጣሪውን ለማየት ወጣሁ። ትንሿ ቀይ መርፌ ትሾራለች፣ ባልዲው ግን ደረቅ ነው። አየሩ ነው የሚያዞራት። ሩብ ሰዓት ቆይቶ ሁለት ባልዲ ድፍርስ ውሃ ሰጠኝና ቀጥ አለ።

የወሩ ቢል 11 ሜትር ኩብ ይላል። ኧረ የት አኑሬው? ያለኝ ሮቶ ባለ 500 ሊትር ነው። አራቱንም ማክሰኞ ጢም ብሎ ቢሞላ እንኳ 2 ሜትር ኩብ ነው። መስኮታችሁ ላይ ሄጄ ስናገር «ቆጣሪ አይዋሽም» ተባልኩ። እኔም አልዋሸም፤ የቆጠረው አየር ነው አልኩ። ከኋላዬ የተሰለፈው ሁሉ ሳቀ፤ እሱም እንደኔው ነዋ።

ለተማሪው «በወር 200 ብር እጨምራለሁ» ብዬ አስሞልቻለሁ። ከልቤ ነው። እስከዚያው ግን ቆጣሪዬ ይፈተሽ፣ ቢሉም ይታረምልኝ። ፈረቃ ስትቀይሩ ደግሞ በቴክስት አሳውቁን፤ ለቢሉማ ስልካችንን ታውቁት የለ?

ባለሙያ የምትልኩ ከሆነ ማክሰኞ ሌሊት ይምጣ። ቀን ከመጣ ቆጣሪው ጭጭ ብሎ ነው የሚያገኘው።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ