የደቅ እናት አውራ ጣት

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ሰው ዘረመል ማስተካከል ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ቁጥጥሩን ለሳይንቲስቶችና ጄኔቫ ላለው የዓለም ጤና ድርጅት ትታችሁታል። እኔ ደግሞ ነገሩ ተመራማሪ ሰውን ከሚያስፈርምበት የስምምነት ቅጽ ይጀምራል ባይ ነኝ።

ሃያ ስድስት ዓመት በነርስነት ሠርቻለሁ፤ አብዛኛውን በኤች አይ ቪ ምክር አገልግሎት። አንድ ጊዜ ለጥናት ደም ልንሰበስብ በጀልባ ደቅ ደሴት ገባን። ቅጹ አራት ገጽ ነው፤ ከእንግሊዝኛ የተመለሰ አማርኛ በመሆኑ እኔው ራሴ ሁለቴ አንብቤ ነው የገባኝ። አብሮኝ የነበረው ልጅ፣ ጣና ከሰዓት በኋላ በነፋስ ስለሚናወጥ ቸኩሏል። «እማማ፣ ለምርመራ ነው፤ እዚህ ጋ» እያለ የሰዉን አውራ ጣት ቀለም ያስነክራል። አንዲት እናት ጣታቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ «ልጄ፣ መድኃኒቱን መቼ ታመጪልኛለሽ?» አሉኝ። ቅጹ ላይ ስለ መድኃኒት አንዲት ቃል አልነበረችም። አሻራው ግን ተደርጓል። እኔም ዝም አልኩ።

ቻይናዊው ሄ ጂያንኩይ እ.ኤ.አ. በ2018 ዘረመላቸው የተነካ መንትዮች መወለዳቸውን ሲያሳውቅ ትዝ ያሉኝ እኚህ እናት ናቸው። ለባልና ሚስቶቹ የሰጠው ቅጽ ሥራውን የኤድስ ክትባት ማበልጸጊያ ፕሮጀክት ይለው ነበር። ክትባት! በፅንሱ ላይ የነካው፣ ኤች አይ ቪ ወደ ሕዋስ የሚገባበትን በር የሚሠራውን ሲ ሲ አር 5 የተባለ ዘረመል ነው። ባሎቹ ቫይረሱ በደማቸው አለ፤ ሚስቶቹ ነፃ ናቸው። እንዲህ ያሉ ባልና ሚስት እዚሁ ባሕር ዳር ስንቱን አማክሬአለሁ። ባልየው መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ወስዶ ቫይረሱ በምርመራ ከማይታይበት ደረጃ ሲደርስ ወደ ሚስቱ አያስተላልፍም፤ የወለዷቸውን ልጆች አቅፌ አውቃለሁ፤ ዛሬ ኳስ ይጫወታሉ። ሰውየው ሦስት ዓመት እስርና 3 ሚሊዮን ዩዋን ቅጣት ተፈረደበት።

ሳይንሱን አልጠላም። እንግሊዝ በኅዳር ወር 2023 የፈቀደችው የሲክል ሴል (በዘር የሚወረስ የደም በሽታ) ሕክምና የታማሚውን የራሱን የደም ሕዋስ አውጥቶ አስተካክሎ ይመልሳል፤ ለልጅ አይተላለፍም። (አሜሪካ ውስጥ የተቆረጠለትን ዋጋ፣ 2.2 ሚሊዮን ዶላር፣ ሳነብ መነጽሬን አውልቄ ጠርጌ ደግሜ አየሁት።) ፅንስ ላይ የተነካው ግን እስከ ልጅ ልጅ ይወርዳል። እምቦጭ ሊነቅል ጣና ዳር ጭቃ ውስጥ የገባ ሰው ይህን ለመረዳት ሐኪም አያስፈልገውም።

የዓለም ጤና ድርጅት በሐምሌ 2021 ባወጣው ማዕቀፍ እነዚህ ምርምሮች እንዲመዘገቡ፣ ሕገወጥ ሥራ ያየም የሚጠቁምበት መንገድ እንዲኖር መክሯል። ምክር ነው፤ አያስገድድም። ደግሞስ ጠቋሚው ማን ነው? የደቋ እናት በምን ቋንቋ፣ ለማን ይደውሉ?

የእኛ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴዎች ይህን ከዛሬው ጥናት ቢጀምሩት ደስ ይለኛል። ቅጹ ጮክ ተብሎ ይነበብ። ሰውየው የገባውን በራሱ አፍ መልሶ ሳይናገር ቀለም አይቅረብለት። ከሥሩም በአማርኛ የሚመልስ ስልክ ቁጥር ይጻፍ። ስልኩን የሚያነሳ ሰው ከጠፋ፣ እኔ ጡረታ ላይ ነኝ፤ ከቡና ሰዓት በቀር ጊዜ አለኝ።

ጡረተኛ ነርስ፣ ከባሕር ዳር