ማባዛት «ያልተማከለ» አያሰኝም

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ ዲጂታል መታወቂያና ክላውድ (በኢንተርኔት የሚደረስበት የሩቅ የመረጃ ማከማቻ) ያወጣችሁትን ዘገባ በአዲስ አበባ ዳርቻ ቱሉ ዲምቱ ባለችው የጽሕፈት መሣሪያና ፎቶ ኮፒ ቤቴ ተቀምጬ ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ የደገምኩትም ዐይኔን ስላላመንኩት ነው። ዘጋቢው «ያልተማከለ መታወቂያ» የሚባለው የአንድ ሰው መረጃ በበርካታ የክላውድ ማዕከላት ተባዝቶ ሲቀመጥ ነው ብለዋል። በዚህ ትርጉም ከሄድን ሥርዓቱን ለሰፈራችን ያስተዋወቅሁት እኔ ነኝ፤ የጎረቤቶቼ መታወቂያ በኮምፒውተሬ፣ በቴሌግራሜ፣ በፍላሼና በየቢሮው መሳቢያ ተባዝቶ ይገኛልና።

ማባዛት መረጃ እንዳይጠፋ ይረዳል እንጂ በመረጃው ላይ የሚያዘውን አካል አይለውጥም። ቅጂው ዐሥር ቦታ ቢቀመጥም የሁሉም ቁልፍ በአንድ ድርጅት እጅ ከሆነ ሥርዓቱ የተማከለ ነው። ባልተማከለው ግን ምስጢራዊው ቁልፍ፣ ማለትም ባለቤትነቱን የሚያረጋግጥበት የኮምፒውተር ኮድ፣ በባለቤቱ ስልክ ውስጥ ይቀመጣል፤ ሰነዱን የሚሰጠው ተቋም በዲጂታል ፊርማው አጽድቆ ለባለቤቱ ያስረክባል፤ ማስረጃ ጠያቂውም የሰጪውን ደጅ ሳይጠና ለሁሉም ክፍት በሆነው የተቋሙ ቁልፍ የፊርማውን እውነተኛነት ያረጋግጣል። ብዙዎች በጋራ በሚጠብቁት ዲጂታል መዝገብ ላይ፣ ብሎክቼይን የሚባለውም ይሁን ሌላ፣ መስፈር ያለበት ይኸው ክፍት ቁልፍ ነው እንጂ የእናቴ የጣት አሻራ አይደለም። 18 ዓመት መሙላቱን ብቻ የተጠየቀ ወጣት የተወለደበትን ቀን ሳይገልጥ ማረጋገጥ የሚችለውም በዚህ ዓይነት አሠራር ነው። ያልተማከለ መታወቂያ በዘገባው «ለአገራችን ፍጹም እንግዳ» መባሉም ስሕተት ነው፤ ትምህርት ሚኒስቴር ካርዳኖ ከተባለው ብሎክቼይን ጀርባ ካለው ኩባንያ ጋር ለ5 ሚሊዮን ተማሪዎች ያቀደው የዚህ ዓይነት መታወቂያ ሥራ በ2013 ዓ.ም. ይፋ ተደርጎ ነበር።

ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን መረጃ የሚያፈተልከው «በከተማዋ ዳርቻ ካሉ ፎቶ ኮፒ ቤቶች» ነው መባሉ ነው። እኛን ማን ጠየቀን? ሰው ወደ እኔ የሚመጣው ቢሮዎች ኮፒ አምጣ ስለሚሉት ነው። እኔ ራሴ ለአንድ ጉዳይ ሦስት ጊዜ ኮፒ አስገብቼ ሦስት ጊዜ «ፋይሉ ውስጥ የለም» ተብያለሁ፤ ሦስቱም የት እንደ ገቡ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። እኔ ግን ደንበኞች የላኩልኝን ማታ ማታ እሰርዛለሁ፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ስለ ወጣ ብቻ ሳይሆን ጠዋት ፊታቸውን ስለማይ ነው። በእርግጥ አንድ ቀን ሳልሰርዝ ብረሳ የሚያውቅብኝ የለም፤ የክላውዱም ችግር ይኸው ነው።

ዘጋቢው መጠየቅ የነበረባቸው ስልኩ የጠፋበት ሰው ቁልፉን እንዴት እንደሚተካና ስማርት ስልክ የሌላቸው የሰፈራችን እናቶች ምን እንደሚያደርጉ ነበር። እርማቱን እጠብቃለሁ። ቱሉ ዲምቱ ድረስ መጥተው ሊያዩን ከፈቀዱም፣ የመታወቂያ ኮፒ አልጠይቃቸውም።

አንድ የፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት
ከቱሉ ዲምቱ