«ሴት ናት» ተብላ የምትሸጥ የቴምር ችግኝ

ይድረስ ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፤

በየችግኝ መሸጫው አንዷ የቴምር ችግኝ «ይቺ ሴት ናት፤ ታፈራለች» እየተባለች ከአጠገቧ ካለችው በላይ ዋጋ ይጠራባታል። ገዢም ቅጠሏን አገላብጦ፣ እሾኋን ዳስሶ፣ አምኖ ይከፍላል። ጭማሪው ግን የከንቱ ነው። ከዘር የበቀለች ቴምር አበባ እስክታወጣ ድረስ ወንዴ ትሁን ሴቴ በዓይኑ አይቶ የሚለይ ሰው የለም። «ወንዴው እሾሁ ይበዛል፣ ግንዱ ይደነድናል» የሚባለውም አያስተማምንም፤ ግንድን ከሚያደነድነው አንዱ ውሃና አፈር ነው። የዘረመል ምርመራ የሚያደርግ ላቦራቶሪ ሊለየው ይችላል። ችግኝ ሻጩ ግን ዋጋ የጨመረው አስመርምሮ አይደለም።

ከዘር ከተነሱ ችግኞች ግማሽ ያህሉ ወንዴ ይሆናሉ። የመጀመሪያው አበባ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከ4 እስከ 8 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። በእስራኤል፣ በጥንታዊው የማሳዳ ምሽግ ቁፋሮ የተገኘና 2,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የቴምር ዘር እ.ኤ.አ. በ2005 በቅሎ «ማቱሳላ» የሚል ስም ወጣለት። በ2011 ሲያብብ ወንዴ ሆኖ ተገኘ (ስሙን ቀድመው የወንድ ማድረጋቸው ዕድል ሆነላቸው)። ፍሬ የታየው በ2020 ነው፤ እሱም ከሌላ ጥንታዊ ዘር በበቀለችው «ሐና» ላይ፣ የማቱሳላን ብናኝ (የወንዴ አበባ ዱቄት) የሰው እጅ አድርሶላት። ሳይንቲስቶች በዓይን ያልለዩትን ችግኝ ሻጭ ከየት አምጥቶ ይለያል?

አንድ የሚያስተማምን መንገድ አለ። ከታወቀች እናት ሥር የወጣ ልጅ ተነቅሎ የተተከለ ከሆነ ፆታው የእናቱ ነው። ስለዚህ ሻጩን «ሴት ናት ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ «ከዘር ናት ወይስ ከእናቷ ሥር የተነቀለች?» በሉት። ከእናት የተለየ ልጅ በሥሩ በአንድ ጎን የተቆረጠበት ጠባሳ ይኖረዋል፤ ከዘር የበቀለው ዙሪያውን ደህና ነው።

አበባው ሲመጣ ከቅጠሎቹ ብብት ጠንካራ፣ የጎራዴ የሚመስል ሰገባ ብቅ ይልና ቁመቱን ተሰንጥቆ ይከፈታል። የወንዴው ሰገባ አጠር ብሎ ወገቡ የተነፋ፣ የሴቴዋ ረዘም ቀጠን ያለ ነው። በዚህ ብቻ ግን አትወስኑ፤ ውስጡን እዩ። ወንዴው ላይ ቀጫጭኖቹ ዘንጎች አጫጭር ናቸው፤ ነጫጭ አበቦች ጥቅጥቅ ብለው ተሰድረውባቸው ብሩሽ ይመስላሉ፤ ሽታም አላቸው። አንዷን አበባ ብታነሱ ሦስት ሾል ሾል ያሉ ቅጠሎች እንደ ኮከብ ተከፍተው፣ መሐላቸው ስድስት የብናኝ ከረጢቶች ቆመው ታገኛላችሁ። ጥቁር ጨርቅ ከሥር ዘርግታችሁ ዘለላውን መታ መታ አድርጉት፤ ነጭ ዱቄት ከወረደ ነገሩ አለቀ። ሰገባው የዛሬ ከሆነ ወይም ዝናብ ካረጠበው ዱቄት ላይወርድ ይችላል፤ ዘንጉን ቆርጣችሁ ወረቀት ላይ ጥላ ውስጥ አሳድሩትና ነገ ሞክሩ።

ሴቴዋ ላይ የምታዩት አበባ አይመስልም። በረጃጅም ዘንጎች ላይ የማሽላ ፍሬ የሚያህሉ፣ ቢጫማ አረንጓዴ ድቡልቡል ዶቃዎች ተራርቀው ተጣብቀዋል። አንዱን ዶቃ በጥፍራችሁ ብትከፍቱት ሦስት የፍሬ እንቡጦች ጎን ለጎን ተጠጋግተው ታገኛላችሁ። ዱቄት የላትም፤ ብትመቷትም አይወርድም። ኮሶን የሚያውቅ በዚህ አይገረምም፤ እሱም ወንዴና ሴቴው የተለያየ ዛፍ ነው፤ ቀላ ያለው አበባ የሴቴዋ ነው።

«ዘንባባዬ መካን ናት» ተብሎ መጥረቢያ የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ሴቴዋ ብናኝ ካላገኘች ከእያንዳንዱ ዶቃ ሦስቱም እንቡጦች አብረው ያድጉና በአንድ መቀመጫ ላይ ሦስት ጥቃቅን፣ ዘር አልባ፣ በወጉ የማይበስሉ ፍሬዎች ይሆናሉ። ብናኝ ያገኘችው ላይ አንዱ ብቻ አብጦ ሁለቱ ይረግፋሉ። እንግዲህ ሦስት ሦስት ሆነው የተንጠለጠሉ ኮሳሳ ፍሬዎች ካያችሁ ሴቴዋ ደህና ናት፤ ያጣችው ወንዴ ነው።

ለዚህም ወንዴ መትከል ግድ አይደለም፤ አንድ ወንዴ ለ50 ሴቴ ይበቃልና ከጎረቤት መለመን ይቻላል። የወንዴው ሰገባ ሲሰነጠቅ ቆርጣችሁ ዘንጎቹን ነፋስና ፀሐይ በማያገኘው ቦታ አንድ ሁለት ቀን አድርቁ። የሴቴዋ ሰገባ ከተከፈተ ከ2 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ፣ ከ5 እስከ 10 የወንዴ ዘንጎችን ገልብጣችሁ በዘለላዋ መሐል አስገቡና በቅጠል ልጥ ላላ አድርጋችሁ እሰሩ። አጥብቆ ማሰር ዘለላው ሲወፍር ያንቀዋል። ሰገባዎቿ በአንድ ቀን አይከፈቱም፤ ሳምንታት ይፈጅባቸዋል፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ ወጥቶ መውረድ አይበቃም። በዚያው ቀን ዝናብ ከጣለ ብናኙ ታጥቧልና ድገሙት። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ቤት የሚሠሩ ወገኖቻችን ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ቴምር ላይ የሚወጡ ሰዎችን ያዩ ይሆናል፤ ሥራው ይኸው ነው። ከመውጣታችሁ በፊት ግን በቅጠሎቹ ሥር ያለውን እሾህ ቁረጡ። ጫፉ ሥጋ ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል፤ ያብጣል፤ ተራ ጓንትም አያግደውም።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ለቴምርና ለቅርብ ዘመዶቹ ነው። ለሆሳዕና የሚቆረጠው የአገራችን ዘንባባም በየመንገዱ የሚተከለው ግንደ ወፍራም የካናሪ ዘንባባም ወንዴና ሴቴ አላቸው። የአገራችን ዘንባባ ከሥሩ ስለሚዋለድ ከአንድ ዘር የበቀለ አሥር ግንድ ፆታው አንድ ነው፤ በአንድ ጉድጓድ ብዙ ዘር ከተጣለ ግን ይደባለቃል። እነዚህ ዘመዳሞች እርስ በርስ ስለሚዳቀሉ ከጓሮ ቴምር የተለቀመ ዘር ምን እንደሚወልድ አይታወቅም። ቅጠሉ እንደ ማራገቢያ የሚዘረጋው ዋሽንግቶኒያ ግን ወንዴና ሴቴውን በአንድ አበባ ይዟል። ኮኮናትም በአንድ ዘለላ ላይ ሁለቱንም ያወጣል፦ ከሥር ጥቂት ትላልቅ ሴቴ፣ ወደ ጫፍ ብዙ ትናንሽ ወንዴ። እነሱን «ሴት» ብሎ የሚሸጥ ካለ ከነጭራሹ አያውቃቸውም።

ሁሉም ሰው ሴቴ መፈለጉም አይገባንም። እንደ አፋርና ድሬዳዋ ሙቀት ባለበት ለፍሬ ከሆነ አዎ። አዲስ አበባ ላይ ግን ብርዱ ቴምርን በወጉ አያበስልም፤ የካናሪዋ ሴቴ ደግሞ ሥጋው የሳሳ ፍሬ በንጣፉ ላይ እየዘራች ግቢውን ታዝረከርካለች። ለመኪና ማቆሚያና ለእግረኛ መንገድ ወንዴው ይሻላል፤ አበባው ከቅጠሎቹ መሐል ይደርቅና ይቀራል። ብናኝ የሚያስነጥሰው ሰው ያለበት ቤት ግን ከመስኮት አጠገብ ባይተክለው መልካም ነው።

ለችግኝ ሻጮች የምናቀርበው ጥያቄ ቀላል ነው፤ በላስቲኩ ላይ «ከዘር» ወይም «ከእናት ሥር» ብላችሁ ጻፉ። «ሴት» የሚለውን ከሴቴ እናት ሥር ለተነቀሉት ብቻ አቆዩት።

ከአክብሮት ጋር፣
የጓሮ አትክልት ባለሙያዎች